የሽምብራ ዓሣ በጥቁሩ መጥበሻ

ባለቤቴን ሠላሳ ዓመት ያስጾምኋት እኔ ነኝ፤ ባለፈው ሁዳዴ ያስገደፍኋትም እኔው ነኝ። ሁለቱንም ያደረግሁት ትክክል ነኝ ብዬ አምኜ ነው። ልጄ «የሆነውን እንደሆነ ጻፈው፣ ስብከቱን ግን ቀንስ» ብላኛለች። የሆነውን እጽፋለሁ። ስብከቱን ፈጽሞ መተው ግን አይሆንልኝም፤ ያረጀ ልማድ ነው።

አናጺ ነኝ። ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የምሠራበት ጠባብ ቤት አለኝ። የተወለድሁት ዳባት አካባቢ፣ ደጋ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደልን የለየሁት ከእህል ከረጢትና ከሱቅ ሰሌዳ ላይ፣ አላፊ አግዳሚውን «ይቺ ምንድን ናት?» እያልሁ ነው። ማንበብ ከቻልሁ በኋላ የጾም ሥርዓትን፣ የጸሎት መጻሕፍትን፣ የሕግ ነገርን ሁሉ ብቻዬን እያገላበጥሁ ተማርሁ። ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለበት። ያወቀውን ሁሉ በራሱ ድካም ስላገኘው፣ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። እኔም እንደዚያ ነበርሁ።

ጾም ለእኔ የቤቴ ምሰሶ ነበር። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ሁዳዴ፣ በሰዓቱና በሥርዓቱ ይጾማል። ዓሣ በሌላው ቤት በጾም ይበላ እንደሆነ እንጂ በእኔ ቤት አይበላም። ባለቤቴ የጎርጎራ ልጅ ናት፣ ከጣና ዳር፤ ዓሣ ጥብስ ስትበላ ያደገች። ስንጋባ «በጾም ዓሣ የለም» አልኋት፤ እሺ አለች። ያኔ «እሺ» ማለት «ይገባኛል» ማለት ነው ብዬ ተቀበልሁ።

ፒያሳ ያሉ ካፌዎች በጾም ወራት «የጾም በርገር»፣ «የጾም ፒዛ»፣ «የጾም ክትፎ» እያሉ መለጠፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ከሁዳዴ መግቢያ በፊት በነበረው የማኅበራችን ጠበል ጻዲቅ ላይ አንዱ ይህንን አንሥቶ «ክትፎው ከለውዝ ነው አሉ፣ አይለይም» ሲል፣ ጠላዬን አስቀምጬ ተናገርሁ።

«ጾም ማለት መተው ነው። ዶሮን ተውሁ ብለህ የዶሮ መልክ ሠርተህ ከበላህ ሆድህ ጾመ እንጂ ዓይንህና ምላስህ አልጾሙም። ይህ ጣዖት መጥበስ ነው!»

የማኅበራችን አባል የሆነ አንድ ባለ ሥጋ ቤት አለ፤ በሁዳዴ ሱቁን ዘግቶ ሥራ ፈት ሆኖ የሚከርም፣ ቀልደኛ ሰው።

«ኧረ አያ፣ እዘንልኝ እንጂ!» አለ። «እኔ ሁለት ወር ሙሉ ተዘግቼ ስቀመጥ፣ ጣዖትም ቢሆን ልጥበስና ልሽጥ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ፤ በልቤ ግን «ጣዖት መጥበስ» የሚለው ቃል ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቴ ስደርስ ለባለቤቴ ደገምሁላት። አልጋ ላይ ጋደም ብላ ሰማችኝ።

ታማ ነበር። ከገና በፊት ጀምሮ ያስላታል። ብርድ ነው፣ አቧራ ነው ስንል ከርመን ሐኪም ቤት ስንሄድ የሳንባ ነው ተባለና ለስድስት ወር የሚወሰድ መድኃኒት ተሰጣት። መድኃኒቱ ሳሉን ቀነሰው፤ የምግብ ፍላጎቷን ግን ጨርሶ ዘጋው። እህል ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት አውልቃ በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረችው። መድኃኒቱን የምትሰጣት ነርስ ወጣት ናት፤ እንዲህ አለቻት፦ «እናቴ፣ ይህ መድኃኒት ያለ ምግብ አቅም ይነሣል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ የሚወርድልዎትን ሁሉ ይብሉ።»

ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባታችን ቤታችን መጥተው ጸሎት አደረሱላት፤ መስቀላቸውን አሳለሟትና «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ጾም የለበትም። ፈትቼሻለሁ፣ ብይ» አሏት። «እሺ አባቴ» አለች። የጾሙን ሰዓት ለመድኃኒቱ ስትል ተወችው፤ እንቁላልና ወተቱን ግን አልነካችም።

በሦስተኛው ቀን ተቆጣሁ። ቁጣዬም ለእሷ ማሰብ መሰለኝ።

«አባታችን ፈትተውሽ የለም ወይ? ምነው እንቁላል ቀቅለሽ የማትበይ?»

ዓይኗን ከጣሪያው ሳታነሣ፣ ቀስ ብላ «ቅርፊቱን የት እጥለዋለሁ?» አለችኝ።

ወዲያው ገባኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

ልጃችን በተወለደች ዓመት፣ ባለቤቴ ከአራስነት ከወጣች ከወራት በኋላ፣ ፍልሰታ ገባ። ጡቷ አብጦ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ እኔ ግን የሴት ሕመም ብዬ ትኩረት አልሰጠሁትም። ጎረቤታችን የነበሩ አሮጊት አዝነውላት አንድ እንቁላል ቀቅለው አበሏት። ቅርፊቱ በአመድ መድፊያችን ላይ ተጥሎ ለእኔ ታየኝ። ያ ቀን የማኅበሩ ተራ በእኔ ቤት ነበር። ሰው ሞልቷል። ቅርፊቱን በመዳፌ ይዤ ገባሁና በሰው ሁሉ ፊት «የቤቴ ሴት ጾም ይህን ይመስላል» አልሁ። እሷ በዚያ ሰዓት ቆሎ ይዛ እየገባች ነበር። ሰሃኑን ቀስ አድርጋ አስቀምጣ ወደ ማጀት ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም። ረስታዋለች ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር የረሳሁት እኔ ነበርሁ።

«ቅርፊቱን የት እጥለዋለሁ?» ስትለኝ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። «ያ እኮ የድሮ ነገር ነው» ብዬ ወደ ሥራ ቤቴ ሄድሁ። ያን ቀን ሁለት ጣውላ በተሳሳተ ልክ ቆረጥሁ።

ልጃችን ደባርቅ አስተማሪ ናት። መንገዱ ክፍት በነበረ ሳምንት ፈቃድ ወስዳ እናቷን ልትጠይቅ መጣች። እንደ እኔ እልኸኛ ናት፤ ልዩነታችን እሷ ምግብ መሥራት ማወቋ ነው። በስልኳ እያየች የጾም ጥብሳ ጥብስ ትሠራ ጀመር። በሽምብራ ዱቄት የተለቀለቀ ድንች፣ በምስር የተሞላ ሳምቡሳ፣ ምን የመሰለ። እናቷ ከእያንዳንዱ እየቆነጠረች «ሸጋ ነው» ትልና ሰሃኑን ትመልሳለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤቱን የጥብስ ሽታ ሞልቶት ደረስሁ። መብራት ስለጠፋ ልጄ ከሰል አያይዛ በረንዳ ላይ ትጠብሳለች። ሰሃኑ ላይ የተደረደረውን ሳይ ደነገጥሁ፤ የዶሮ እግር ነው። ቡናማ፣ ጥርት ብሎ የተጠበሰ፣ አጥንቱ ወጣ ያለ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እንጉዳይ ነው አባዬ። የሽምብራ ዱቄትና የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ነው የለበሰው። አጥንቱ ያንተ እንጨት ነው፣ ከሥራ ቤትህ ያመጣሁት ስንጥር፤ ቀቅዬ ነው የሰካሁት» ብላ ሳቀች።

ባለቤቴ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አንዱን በስንጥሩ ይዛ ጨረሰችው። ሁለተኛውን አነሣችና እሱንም በላች። ከንፈሯ ላይ ዘይት ነበር፤ ከገና ወዲህ አይቼው የማላውቀው ነገር። ሦስተኛውን አነሣች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ለማንም ሰው ከባድ አይደለም። ለእኔ ከበደኝ። በከተማው ሁሉ የተሰማው ቃሌ በገዛ ቤቴ ሲፈርስ የማየው መሰለኝ።

«ልጄ፣ ምግቡን አልጠላሁም» አልሁ። «ግን የዶሮ እግር መልክ ምን ያደርጋል? አጥንት እስከመትከል! በጾም ይህ ጣዖት መጥበስ ነው ብያለሁ፤ በገዛ ቤቴ ደግሞ...»

ባለቤቴ ሦስተኛዋን ሰሃኑ ላይ መለሰቻት። ጣቶቿን በመሐረቧ ጠረገች። «ጠገብሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልጄ ከሰሉ ላይ ውሃ ደፋችበት፤ ጢሱ ሁለታችንንም አለበሰን።

«እኔ የተናገርሁት እውነት ነው» አልኋት።

«አዎ አባዬ። ደስ ይበልህ፤ እውነትህን ጠግባ ተኛች።»

ሰኞ ልጄ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ስትሄድ ጉንጬን አልሳመችኝም። ቤት ውስጥ እኔና ባለቤቴ ብቻችንን ቀረን። እንጀራና ወጡን ጠዋት ጠዋት አንዲት ጎረቤት እየመጣች ታሰናዳለች። ባለቤቴ ሦስት ጉርሻ ከወሰደች ያ ቀን መልካም ቀን ነው። በቀጠሮዋ ቀን ነርሷ ሚዛን ላይ አቁማት አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ሰውነቷ መድኃኒቱን አልቻለውም። እንዲህ ከቀጠለች ማቋረጥ ሊኖርብን ነው፤ ከተቋረጠ ደግሞ በሽታው ይመለሳል። ቤት ውስጥ የሚያበላት ሰው የለም?»

«እኔ አለሁ» አልኋት። ይህን ስል ባለቤቴ አየችኝ። አተያየቷ ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

እሷን ቤት አስገብቼ ቅዳሜ ገበያ ሄድሁ፤ ምን ልገዛ እንደሆነ አላውቅም። እህል ተራ ውስጥ አንዲት ሴት የተቆላ ሽምብራ ዱቄት በቁና ትሰፍራለች። ሽታው ሲደርሰኝ ባለሁበት ቆምሁ።

እናቴ በሁዳዴ ዓሣ ትሠራልን ነበር። ዳባት ደጋ ነው፤ ዓሣ በስም እንጂ በዓይን አናውቀውም። እናቴ የተቆላ ሽምብራ ዱቄት በዘይትና በቅመም ታሽና እንደ ዓሣ ትቀርጸዋለች። ራስ አለው፣ ጅራት አለው፣ ዓይኑን በመጥረጊያ ጭራሮ ትወጋለታለች። በኑግ ዘይት ጠብሳ ቀይ ወጥ ውስጥ ትጨምረዋለች። እኔና እኅቴ በጅራቱ እንጣላ ነበር፤ ጅራቱ ይበልጥ ስለሚደርቅ ይንኮሻኮሻል። የሽምብራ ዓሣ ነው፤ እናቴ ከእናቷ የተማረችው፣ የጾም ምግብ።

በገበያው መሐል ቆሜ አፈርሁ። የእናቴን እጅ ስበላ አድጌ፣ ልጄን ለዚያው ሥራ ጣዖት ጠባሽ አልኋት። ነገሩን አላውቀውም ነበር ማለት አልችልም። ስንጋባ ባለቤቴ ዘመዶቼ ቤት የሽምብራ ዓሣ ቀርቦላት «እናንተ ደገኞች ባሕር ብታጡ ዱቄት ታጠምዳላችሁ!» ብላ ቤቱን ሁሉ አስቃው ነበር። እኔም ስቄ ነበር። ያኔ ያስቅ የነበረውን ነገር መቼ ኃጢአት እንዳደረግሁት አላስታውስም።

ሁለት ቁና ዱቄት ገዛሁ። ከቤቴ ሳልገባ ዳባት ለምትኖረው ታናሽ እኅቴ ደወልሁ።

«የሽምብራ ዓሣ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«አያ፣ ደኅና ነህ? ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም። ልሠራ ነው።»

«አንተ? ማጀት ገብተህ?» ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ለባሏም ስትነግር ይሰማኛል። «እሺ፣ እሺ አትቆጣ። ዱቄቱን በለብ ባለ ውሃና በዘይት እሸው፤ ሊጥህ የጆሮህን ለስላሳ ጫፍ ይምሰል። ከቀጠነ ይፈነዳብሃል። እሳቱ አይንደድ። ዘይት አትሰስት፣ አመልህን አውቀዋለሁ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ማጀት የገባሁት መደርደሪያ ልሰቅል ብቻ ነው። ጎረቤታችን ሄዳለች፤ ባለቤቴ ጓዳ ተኝታለች። በሩን ዘጋሁ፤ ወንድ ልጅ ሲያቦካ እንዳይታይ። መጀመሪያ ያሸሁት ቀጠነና ዝናብ የመታው ጭቃ መሰለ። ሁለተኛው ጠነከረ። ሦስተኛው ሸጋ ወጣ። መቅረጹ ግን የእጄ ሥራ ነው፤ ከእንጨት ይቀላል። ክንፍ አወጣሁለት፣ ቅርፊቱን በትንሿ መሮ ጫፍ ጥርስ በጥርስ ነቀስሁት። እናቴ እንኳ ያላደረገችው ነው።

መጥበሻ ፈለግሁ። ከታች ካለው ይልቅ ከፍ ብሎ ሚስማር ላይ የተሰቀለው ጥቁር መጥበሻ ከባድ ነው፤ ከባድ ነገር ሙቀት ይይዛል ብዬ እሱን አወረድሁ። እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። የሴቶች ጌጥ መሰለኝ፤ እሳት እንዳይበላው ፈትቼ ጣልሁት። ከጎኑ በቆርቆሮ ጣሳ የተከደነ ዘይት ነበር፣ ቀድሞ የተጠበሰበት። ታች አዲስ ዘይት አለ፤ ግን «የተጀመረ ሳያልቅ አዲስ አይከፈትም» የምለው እኔው ነኝ። ከጣሳው ገለበጥሁ።

ሁለት ፈነዱብኝ። አምስቱ ወርቅ መስለው ወጡ።

በሰሃን ይዤ ጓዳ ስገባ ባለቤቴ በክርኗ ቀና አለች። ሰሃኑን አየችው፤ ከዚያ በዱቄት የተለወሰ ክንዴን። አንዱን ዓሣ አነሣችና ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ትንሽ ቆየች። እኔን አየችኝ። ከዚያ ጅራቱን ቆርሳ በላች።

«ምነው፣ መጥፎ ነው?»

«ሸጋ ነው» አለች። «ዱቄት አጠመድህ።»

አራቱን በላች። አምስተኛውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም በላሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ጠበስሁ። ከሥራ ቤት ቀደም ብዬ እመለሳለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ አቦካለሁ። ባለቤቴ ትበላለች። በሳምንቱ ጉንጯ ሥጋ ባያወጣም ጉድጓዱ ተሞላ። ኩራቴን መቻል አቃተኝ። ለባለ ሥጋ ቤቱ ወዳጄ ነገርሁት፤ «ጣዖት መጥበስ ጀመርህ በለኛ!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። «ይሄ የእናቶቻችን ጾም ነው፤ ያኛው የካፌ ነው» ብዬ መለስሁለት። ተሸንፌም ማስተማር አልተውሁም።

በእነዚያ ቀናት ያየሁት ሌላ ነገር አለ። ማለዳ፣ እኔ ለኪዳን ለመሄድ ስነሣ፣ ባለቤቴ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ትሰግዳለች። ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ትሰግድና ትቀመጣለች፤ ትንፋሽ ሰብስባ ደግሞ ትነሣለች። የሁዳዴ ስግደት ነው ብዬ አለፍሁ። እንዲያውም ብርታቷ የእኔ ዓሣ ፍሬ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ልጃችን መጣች። በስልክ ሰምታ ኖሮ እየሳቀች ነው የገባች። «እስቲ ወጥ ሠሪው አባቴን ልይ!» ብላ ቀጥታ ማጀት ገባች። እኔም ሥራዬን ላሳያት ተከተልኋት። ሳቋ ተቋረጠ።

«ይህን መጥበሻ ማን አወረደው?»

«እኔ።»

«ክሩስ?»

«ጣልሁት። እሳት እንዳይ...»

«አባዬ፣ ይህ እኮ የፍስክ መጥበሻ ነው! ክር የሚታሰርበት በጾም እንዳይነካ ነው። በቅበላ የሥጋ ጥብስ ጠብሰንበት ነው የሰቀልነው።» ጣሳውን ከፈተችና አሸተተች። ባዶ ነው። «ዘይቱንስ? ይህ የጥብሱ ትራፊ ነበር፣ ቅቤና ሞራ ያለበት!»

የምይዘው አጥቼ በሩን ያዝሁ። ሠላሳ ዓመት ስለ ጾም ተናግሬ፣ በገዛ ቤቴ የጾሙ መጥበሻ የቱ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለካስ ጾሙን ስጠብቅ የኖርሁት እኔ አልነበርሁም፤ አንዲት ሴት ክር እያሰረች ስትጠብቅልኝ ኖራለች።

ልጄ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ ከደጃፉ ቀረሁ።

«እማዬ፣ ስትበይው አላወቅሽም?»

«ገና ሳልቀምሰው በጠረኑ አውቄዋለሁ» አለች ባለቤቴ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ሰውዬው ክንዱ ድረስ ዱቄት ሆኖ፣ ደስ ብሎት መጣ። እኔ ሰው ማሳፈር አልለመድሁም።»

ይህን ስትል እኔ እንደምሰማት ታውቅ ይሁን አላውቅም። እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

«ጎረቤታችን በስልክ የነገረችኝ ስግደትስ ታዲያ?» አለች ልጄ። «ታምመሽ ምን ያሰግድሻል?»

«በማግሥቱ ለአባታችን ልኬ ነግሬያቸዋለሁ። ‹አንቺ ታማሚ ነሽ፣ ምንም የለብሽ፤ ብይ› አሉኝ። የምሰግደው ለእኔ አይደለም። ከዓሣው አባትሽም በልቷል።»

ከቤት ወጣሁ። አጥር ጥግ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ገሥጫለሁ፤ ከገሠጽኋቸው ውስጥ ስለ እኔ የሰገደልኝ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ በእንቁላል ቅርፊት ያደረግሁትን እሷ በሙሉ መጥበሻ ልታደርገው ትችል ነበር። ማኅበርተኛውን ጠርታ «የጌታዬ ጾም ይህን ይመስላል» ብትል ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን በልታ፣ ደብቃ፣ በሚንቀጠቀጥ ጉልበቷ ሰገደችልኝ።

የዚያን ጊዜ ቃሌን ከሰሙት ሰዎች አብዛኞቹ ሞተዋል። በእነሱ ፊት የሰበርሁትን በእነሱ ፊት መጠገን አይቻልም። ቢሆንም የቀረውን ላደርግ ተነሣሁ።

ሰፈራችን ካለው ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ ሙስሊም ነው፤ ዓመታት እንተዋወቃለን። ሱቁ ደጅ ሦስት አራት ሴቶች ዘይትና ምስር ሊገዙ ቆመዋል።

«እንቁላል አለህ?» አልሁት።

ተጠግቶ በለሆሳስ «አያ፣ በሁዳዴ?» አለኝ። የእኔን ጠባይ አገር ያውቀዋል።

ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ለባለቤቴ ነው። ታማለች፤ አባታችን ፈትተዋታል። የምሠራላት እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንደኛዋ «እግዜር ይማርልህ» አለች። እንቁላሎቹን በእጄ ይዤ፣ ሳልሸፍን፣ ሰፈሩን አቋርጬ ተመለስሁ። መንገዱ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ከሰል አያያዝሁ፤ የማጀቱን በር ግን አልዘጋሁም። ልጄ ጥጉን ይዛ ታየኛለች። በጥቁሩ መጥበሻ ሁለት እንቁላል ጠበስሁ፤ ዳሩ ትንሽ አረረብኝ። ቅርፊቱን በመዳፌ ይዤ ወጣሁ። አመድ መድፊያችን ከበሩ አጠገብ ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ቅርፊቱን ውስጥ አልቀበርሁትም፤ ነጩ ወደ ላይ ሆኖ እንዲታይ አመዱ አናት ላይ አስቀመጥሁት። ባለቤቴ ግድግዳ ይዛ እስከ ደጃፉ መጥታ ቆማ ነበር።

«ሰው ያየዋል» አለች።

«ይየው።» ከዚያ «በዚያን ጊዜ ያደረግሁብሽን ይቅር በይኝ» አልኋት።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። አመዱን ትንሽ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ገብታ ተቀመጠችና ሰሃኑን ወደ ራሷ ሳበች። በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ተከፍቶ፣ በሁዳዴ፣ ሁለቱንም እንቁላል ቀስ እያለች በላቻቸው። እኔና ልጄ ምን እንደምትል ስንጠብቅ ቆምን።

«ጨው አነሰው» አለች። «እንቁላሉን ነርሷ ብይ እስካለችኝ ድረስ እበላለሁ። ነገ ግን ዓሣውን ሥራልኝ፤ ክር በሌለው መጥበሻ።»

ልጄ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። በጾም የዶሮ መልክ ስለመሥራት ዛሬም ሙሉ በሙሉ ልቤ አልተቀየረም፤ ውሸት አልጽፍም። ነገር ግን ልጄን «ያን የእንጉዳይ እግር እንዴት እንደምትሠሪው አሳዪኝ» አልኋት። «ስንጥሩን እኔ እልግልሻለሁ፤ ያንቺው ሻካራ ነበር።»

ጥቁሩን መጥበሻ በደንብ አጥቤ አደረቅሁት። ቀዩን ክር ጥዬዋለሁና፣ ከሥራ ቤቴ ያመጣሁትን ሲባጎ እጀታው ላይ ሁለት ጊዜ አዙሬ አሰርሁበትና በሚደረስበት ሚስማር ላይ ሰቀልሁት፤ ለእንቁላሉ ነገም ያስፈልጋል። ቅርፊቱ እስከ ማግሥቱ አመዱ ላይ ነበር። ማለዳ ለኪዳን ስወጣ አየሁት፤ ስመለስም አየሁት።